የወንድምሽ ምላስ አልደከመም

እማዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ወገብሽ እንዴት ነው? ያን ሁሉ የሰው አገር ሽማግሌ ከአልጋ እያነሣሽ፣ እያጠብሽ፣ ሾርባ እያጎረስሽ እስካሁን ቀጥ ብለሽ መሄድሽ ይገርመኛል። ብርዱስ? ካልሲ ደርበሽ ትተኛለሽ አሉ፤ እውነት ነው? እኛ እዚህ፣ ጌታ ይመስገን፣ ሳል እንኳ የያዘው ሰው የለም። ዶሮዎቹ ደህና ናቸው። የአጎቴ ሚስት ሎሳናም ደህና ናት፤ ይኸውም ከጠዋት እስከ ማታ ትጮኻለች ማለት ነው። ስለ ራሴ ግን ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልሽ ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ ለጊዜው ጠግቤያለሁ።

ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። አብረውሽ ለሚኖሩት ከጎረቤት ከተማ ከላምባሳ ለመጡት ሴቶች ጮክ ብለሽ እንዳታነቢላቸው። እነሱ ጆሮ የገባ ነገር እሑድ ሳይደርስ ሳቩሳቩ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል።

መቼም ወሬው ቀድሞኝ ደርሶሻል። ‹ወንድምሽ አርጅቷል፤ ምላሱ ደክሟል፤ ለእንግዶች መናገር አቅቶት የሙት ክልከላ አስጣሰ› ብለው ደውለውልሻል። አንቺም እህት ነሽና አልቅሰሽ ይሆናል። እማዬ፣ የወንድምሽ ምላስ አልደከመም። መድከም የነበረበት ምላስ የኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ሐሙስ ዕለት ከብሪዝበን የመጡ ባሕር ጠላቂዎች ሎሳና ማረፊያ ቤት አረፉ። እንዲህ ያሉትን ታውቂያቸዋለሽ። ከተማችን ለነሱ መንገድ ዳር ያለች ወንበር ናት፤ አንድ ምሽት ይቀመጡባታል፣ በማግስቱ ወደ ሩቁ ባሕር ይነሣሉ። የአየር ሲሊንደራቸውን በረንዳው ላይ ደረደሩ፤ ሎሳና ወዲያው የአንሶላ ማስጫ አደረገችው። ከዚያ ፊታቸውን ነጭ ቅባት ተለቅልቀው፣ ዱቄት ቤት ያደረች ድመት መስለው፣ ወደ ፍል ውኃው ወረዱና እንቁላል ቀቀሉ። እንቁላሉን ከመብላታቸው በፊት እያንዳንዱን ፎቶ አነሡት። አለቃቸው ሄዘር የምትባል ሽበታም ሴት ናት፤ ቁጥብ፣ ጨዋ። ዳረን የሚባል ጢሙ ቀይ የሆነ ረጅም ልጅ ደግሞ አለ፤ እሱ ያየውን ሁሉ ለማስታወሻ ኪሱ ይከታል፦ ድንጋይ፣ ዛጎል፣ የሎሳናን የቢራ መክፈቻ ሳይቀር። ጀልባዋ የራሳቸው ናት፤ ካፒቴኑም አብሯቸው የመጣ ነው፤ ባሕራችንን በካርታ እንጂ በሰው አያውቃትም።

ወደ ባሕራችን የሚገባ እንግዳ ደግሞ ተወቅጦ የሚጠጣውን የያንጎና ሥር ይዞ ባላባቱ አዳራሽ ሳይቀመጥ አይገባም። ባላባቱ አይናገሩም፤ አፋቸው ያው ወንድምሽ፣ አጎቴ አፒሳይ ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው አፍ ሆኖ ከኖረ የራሱ አፍ የት ትሄዳለች እያልኩ ስቀልድበት ነው ያደግሁት፤ አንቺም ትስቂ ነበር፣ አትካጂ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ማስተርጎም የኔ ሥራ ሆኗል። አዳራሹ ውስጥ እንግሊዝኛ ጮክ ተብሎ ስለማይነገር፣ በሩ አጠገብ ከእንግዶቹ ጋር እቀመጥና አጎቴ የሚለውን በሹክሹክታ አቀብላቸዋለሁ።

የባላባቱ እናት ማረፋቸውን ሰምተሻል። ዓሣ የምናጠምድበት ኮራል መዘጋቱን ግን ምናልባት አልነገሩሽም። የሐዘን መፍቻው ድግስ እስኪደርስ መረብ አይጣልበትም፣ ሰው አይጠልቅበትም። ዓሣው ለድግሱ ይከርማል፣ እመቤቲቱም በሰላም ያርፋሉ። ምልክቱ ኮራሉ መካከል የተተከለ እንጨት ነው፤ ጫፉ ላይ አስከሬናቸው ከተጠቀለለበት ከነጩ የልጥ ጨርቅ የተቀደደ ቁራጭ ታስሯል። የመንደሩ ሕፃን እንኳ ወደዚያ በጣቱ አይጠቁምም።

ሐሙስ ከሰዓት አጎቴ ሥሩን ተቀበለና ጀመረ። እንዴት እንደሚጀምር ታውቂያለሽ፤ ከኖኅ መርከብ ትንሽ ቀደም ብሎ። አያቶችን ጠራ፣ ነፋሶችን በየስማቸው ጠራ፣ የዓሣ ዘር ጠራ። እግሬ ደነዘዘ። አባባ ዋይሳኬ፣ ጆሯቸው ከጥንትም ጀምሮ ጡረታ የወጣው፣ ትክ ብለው ግድግዳ ያያሉ። ሌላው ሽማግሌ ያንኮራፋል። እኔ ለእንግዶቹ እያሳጠርኩ አቀብላለሁ፤ አጎቴ እንደ ገመድ የሚስበውን እኔ እንደ ክር እበጥሰዋለሁ። ከዚያ ስለ እንጨቱ መናገር ጀመረ። ድምፁ ዝቅ አለ። ያን ጊዜ ዳረን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ አሁን ደግሞ ምን እያሉ ነው፣ ሊያለቅሱ ነው እንዴ፣ አለኝ።

እማዬ፣ ምላሴ ከኔ ቀደመች። ‹ኮራሉ ላይ ነጭ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት ታያላችሁ፤ የሽማግሌው የውስጥ ሱሪ ነው፣ ሊደርቅ ተሰጥቶ ነው፣ እንዳትደነግጡ ይላሉ› አልኩት።

ሳቁ። ዳረን አፉን በእጁ አፍኖ ተንፈራፈረ። አባባ ዋይሳኬም ሰው ሲስቅ አዩና ነገሩ ጥሩ ነው ብለው የቀሩት ጥርሶቻቸው እስኪታዩ ድረስ ሳቁ። አጎቴ ንግግሩን አንድ ጊዜ ብቻ አቆመ። ወደ በሩ አየ። ሳቁ አቋረጠው ብዬ ነበር። ከዚያ ካቆመበት ቀጥሎ እስከ መጨረሻው ተናገረ።

ኋላ እውነቱን እነግራቸዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር። አስቤ ነበር ማለቴ ውሸት አይደለም። ግን ከአዳራሹ ስንወጣ ሄዘር ትከሻዬን ይዛ እንዳንቺ ያለ አስቂኝ ልጅ አይቼ አላውቅም አለችኝ። ዳረንም ብሪዝበን ብትመጪ መድረክ ላይ ወጥተሽ ይከፈልሻል አለኝ። ያ ነገር እንደ ማር ጣፈጠኝ፤ በላዩ ላይ ‹እሱማ የሬሳ ጨርቅ ነው› ብዬ ጨው መነስነስ አቃተኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ አጎቴ ‹ቃሉ ደረሰ?› አለኝ። ደረሰ አልኩት። ‹ሁሉም?› አለ። ሁሉም አልኩ። ትንሽ ሄደና፣ ጠዋት እንግዶቹ ሳይነሡ ወደብ ብትወርጂ መልካም ነው፣ የሚጠይቁሽ ነገር አይጠፋም፣ አለኝ። እኔም ጠዋት ትምህርት ቤት አለኝ አልኩት። ከመቼ ወዲህ ነው ትምህርት ቤት አንቺን ያሳሰበሽ ብሎ ቢጮኽብኝ ምንኛ በተሻለኝ! እሱ ግን ‹እሺ እንግዲህ፣ አንቺ ታውቂያለሽ› ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

በማግስቱ ነፋስ ተነሣና እንግዶቹ ሩቁ ባሕር ሳይደርሱ ተመለሱ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመጣ ገበያው መሐል ነበርኩ። ቀድሞ የሰማሁት ዝምታውን ነው። የሳቩሳቩ ገበያ ዝም ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ካሳቫ ሻጯ ቫሲቲ፣ ባሏ ሲሞት እንኳ ዋጋ ከመጥራት ያላቆመችው፣ ዝም አለች። ከወደቡ በኩል ዳረን ይመጣል። ጭንቅላቱ ላይ ነጩን የልጥ ጨርቅ እንደ ጥምጥም አስሮታል። ከኋላው ሁለት ጓደኞቹ ከተዘጋው ኮራል በጦር የወጉትን ዓሣ በሳጥን ተሸክመዋል። እንደ ሠርገኛ ይስቃሉ።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ፊታቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ሸፈኑ። ዳረን ግን እኔን አየና ከሩቅ እጁን አንሥቶ፣ የሽማግሌውን ሱሪ አገኘሁት፣ ጀልባችንንም እሱው ላይ አሰርን፣ ብሎ በደስታ ጮኸ። ገበያው በሙሉ እንግሊዝኛ ይሰማል፤ ግን ማንም ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባውም፤ ፈረንጅ ፀሐይ ሲመታው እንዲህ ያወራል ብለው አለፉት። የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ቫሲቲ ተነሥታ ጨርቁን ከራሱ ላይ ፈታችና ደረቷ ላይ አቀፈችው። እሱም ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ፣ ምን አጠፋሁ ብሎ ወደ ዙሪያው አየ። እኔ? እኔ ከሙዝ ክምሩ ጀርባ ተቀመጥሁ። ጫማዬን የማስር መሰልኩ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

ቅዳሜ ባላባቱ ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። ጽዋ አቀባይ ሆኜ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ሁሉንም አየሁ፣ ሁሉንም ሰማሁ። አጎቴ ከአባቱ የቀረችውን የይቅርታ መጠየቂያ የዓሣ ነባሪ ጥርስ በሁለት እጁ ይዞ፣ ከሚቀመጥበት ከፍ ያለ ቦታ ወርዶ፣ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ። እንግዶቹ ጥፋት የለባቸውም አለ። የሄዱት ያልተነገራቸውን ነው አለ። ‹ቃሌ አጠረ፤ ጥፋቱ የምላሴ ነው› አለ። ባላባቱ ጥርሷን ተቀበሉ። ከዚያ፣ አፒሳይ ረጅም ዘመን ደከምህልን፣ አሁን እረፍ፣ አሉት። ‹እረፍ› ምን ማለት እንደሆነ አዳራሹ ውስጥ ያልገባቸው አባባ ዋይሳኬ ብቻ ናቸው።

በቦታው ሴሚን አስቀመጡት። ሴሚን ታስታውሺዋለሽ፤ ድምፁ የላምባሳ አውቶቡስ ጡሩምባ የሚመስለው፣ የአያቶችን ስም ሲጠራ ትኬት የሚቆርጥላቸው የሚመስለው።

እማዬ፣ አፌ እዚያው ፊቴ ላይ ነበር፤ አልከፈትሁትም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ከቅጣት ይከፋል። ማንም አልተቆጣውም፤ አዘኑለት። ሎሳና እንኳ መጮህ አቆመች፤ ለሱ ሲሆን እንደ በሽተኛ ቤት በእግር ጣቷ ትራመዳለች። ልጆቹ ደግሞ መንገድ ላይ ‹አ... አ... አያቶቼ ሆይ› እያሉ በመንተባተብ ያስመስሉታል፤ እሱ ተንተባትቦ አያውቅም። ከመካከላቸው አንዱን በጥፊ መታሁት። ‹አንቺ ራስሽ አይደለሽም እንዴ በሱ መቀለድ ያስተማርሽን?› አለኝ። እውነቱን ነው። ስለ አጎቴ ያልቀለድሁት ቀልድ የለም፤ ሰው ሁሉ የሚስቅበትን ቀልድ የተበደረው ከኔ ነው። እኔ ስስቅበት ግን ሁልጊዜ ከሥር ቆሜ ነበር የምስቀው፣ እሱ ከላይ ነበር። አሁን እሱ ወርዷል፤ ቀልዱም አብሮት ወርዶ አስቀያሚ ሆነ።

እሑድ ጠላቂዎቹ ሊነሡ ሲሉ ሄዘር ጠራችኝ። ሸቀጥ ቤቱ ጥላ ሥር ቁጭ አለች። አጎትሽ ቅዳሜ ጠዋት ጀልባችን ድረስ መጥቶ ነበር አለችኝ። ስለ እመቤቲቱ፣ ስለ ጨርቁ፣ ሁሉን እንደነገራቸው፣ ዳረን እንዳለቀሰ ነገረችኝ። ማን አስተረጎመላችሁ አልኳት። ሄዘር ገርሟት አየችኝ። ማን ያስተረጉምልናል፣ እንግሊዝኛው ካንቺ ይጠራ የለ እንዴ፣ አለችኝ። በሲና በረሃ ሰላም አስከባሪ ወታደር ሳለ ከአገሯ ልጆች ጋር አንድ ምሽግ እንደኖረ፣ የሞቱትን ጓደኞቹን በስም እየጠራ እንዳጫወታቸው ነገረችኝ። ከዚያም፣ ቃሉ እናንተ ዘንድ ተጣሞ ደርሷል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አለን፤ ማን አጣመመው ብለን ስንጠይቀው ‹እኔ› አለን፣ አለችኝ። ይህን ስትል ዓይኔን አላየችውም። ጨዋ ናት ብዬሽ የለ።

አንቺ ታውቂ ነበር፣ አይደል? አንቺማ እህቱ ነሽ። እኔ ግን ከፈረንጅ ጋር ‹ቡላ› ብሎ ሰላም ከማለት ያለፈ ነገር ሲናገር አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። የባላባቱ አፍ ለእንግዳ በሰው አገር ቋንቋ አይናገርም ስለሚል ትዕቢት ነው ብዬ ነበር። ለካ ያን ዕለት ወደ በሩ ሲያይ...

ይህን አልጨርሰውም።

ሰኞ አጎቴ ማሳ ድረስ ሄድኩ። ካሳቫ ይኮተኩታል። ሰምተኸኝ ነበር አልኩት። ይሄን ካሳቫ አይጥ ጨረሰው አለኝ። ለምን እዚያው አላረምከኝም አልኩት። መኮትኮቱን ሳያቆም፣ በእንግዳ ፊት ልጅ አይዋረድም አለ፤ ደግሞም ራስሽ ታርሚዋለሽ ብዬ ጠበቅሁ አለ። ለምን ጥፋቱ የኔ ነው አልክ፣ ለምን አልከሰስከኝም ስለው ቀና አለ። እናትሽ አላስተማረችሽም እንዴ አለኝ፤ ‹የእህት ልጅ ከአጎቷ ቤት የወሰደችውን መልሺ አትባልም። ዶሮም ብትወስድ፣ ሸሚዝም ብትወስድ።›

ስምስ ብትወስድ፣ አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ኮተኮተ።

ስለዚህ ትናንት ከማሳው አንድ የያንጎና ሥር ነቀልሁ። አዎ፣ አሁንም ሳልጠይቅ ነው፤ የመጨረሻዬ ይሁን። ባላባቱ አዳራሽ ገብቼ በሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ሽማግሌዎቹ ነበሩ። ሴሚ ጡሩምባውን ነፋ፦ ‹ለዚህች ልጅ ማን ይናገርላታል?› ልጅ፣ ያውም ሴት ልጅ፣ በገዛ አፏ እዚያ ቤት እንደማትናገር አውቃለሁ። የሚናገርልኝ ማን አለ? ልነሣና ልሮጥ ስል ከኋላዬ ምንጣፉ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ሰው ገብቶ ከኔም በታች፣ ጫማ የሚወለቅበት ቦታ ላይ ተቀመጠ። ዞሬ አላየሁም። የካሳቫ ማሳ አፈር ሸተተኝ።

ጀመርኩ። ድምፄ እንደ ጫጩት ነበር። አባባ ዋይሳኬ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ምን አለች፣ ምን አለች፣ ይላሉ። ያን ጊዜ ከኋላዬ አጎቴ ያልኩትን ደገመው። እኔ በሰፈር ቋንቋ የምለውን እሱ በአዳራሹ ቋንቋ፣ ለአያቶች በሚናገርበት ድምፅ፣ ቃል ሳይጨምር ቃል ሳይቀንስ አደረሰው። አንድ ዓረፍተ ነገር እኔ፣ አንድ እሱ። ‹ዋሽቻለሁ› አልኩ፤ ‹ዋሽታለች› አለ። ‹አጎቴ ሁሉን በትክክል ተናግሯል› ስል ትንሽ ዘገየ፤ ግን እሱንም አደረሰው። የቀልዱ ቦታ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ያለስልሰዋል፣ ‹አንድ ነውር ነገር› ብሎ ያልፈዋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ተናገርኩት። እሱም የባላባቱን እናት ስም በጠራበት በዚያው ክቡር ድምፅ፣ አንዲት ፊደል ሳይቀንስ፣ ‹የሽማግሌው የውስጥ ሱሪ ነው፣ ሊደርቅ ተሰጥቶ ነው፣ ብላቸዋለች› አለ።

ማንም አልሳቀም። ያን ዕለት ስቀው የነበሩት አባባ ዋይሳኬ እጃቸውን ከጆሯቸው አውርደው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፤ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። እማዬ፣ የራሴን ቀልድ በሱ አፍ ስሰማው፣ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ምነው አልኩ፤ መሬቱ ግን ሥራ በዝቶበት ነው መሰል አልተከፈተም።

ሥሩ ተወቀጠ፣ ተጨመቀ፣ ተቀዳ። መጀመሪያ ባላባቱ ጠጡ፤ ሦስት ጊዜ ተጨበጨበ። ሁለተኛው ጽዋ አፋቸው ለሆነው ሰው ነው። ሴሚ ጉሮሮውን ጠርጎ እጁን ዘረጋ። አንገቴን ደፍቼ ስለነበር ጽዋው ለማን እንደተሰጠ አላየሁም። ያየሁት የአቀባዩን ባዶ እግር ብቻ ነው፤ ሴሚ ፊት አልቆመም። አዳራሹን ሙሉ አቋርጦ መጣ፤ ጉልበቴን ሊነካ ምንም ሳይቀረው አልፎኝ፣ ወደ ጫማዎቹ ሄደ።

ለኔ ማንም ‹ይቅር ብለንሻል› አላለኝም፤ አጎቴም ቢሆን። ትናንት ማታ ራት ላይ የሱ ድርሻ የሆነውን የዓሣውን ጭንቅላት ሳህኔ ላይ አደረገልኝ፤ መብላት አልቻልኩም፤ ሎሳና ጮኸችብኝ። መጮኋ ደስ አለኝ።

ስትደውዪለት ይህን ሁሉ እንዳወቅሽ አትንገሪው። አርጅተሃልም አትበይው። እንደ ወትሮው እንዴት ነህ ብቻ በዪው፤ የቀረውን እሱ ዝም ይልልሻል። እኔንም ‹አይዞሽ፣ ልጅ ነሽ› ብለሽ አትጻፊልኝ፤ ገና አልፈልገውም።

የባሕር ማዕበሉን የሚያሳርፍ አምላክ ወገብሽን ያሳርፍልሽ። የምታነሺያቸውን አረጋውያን ሸክማቸውን ያቅልልሽ፤ ታሪክ ሲያስረዝሙብሽም እስከ መጨረሻው የምትሰሚበት ትዕግሥት ይስጥሽ። ለኔ ያልሰጠኝን ማለቴ ነው። ከሰው አገር በሰላም ያግባሽ፤ ስትገቢ ቀና ብዬ የማይሽ ያድርገኝ።

ያሳፈረችሽ፣ ግን ያንቺው የሆነችው፣
ልጅሽ